ካውቦይ ያልነበሩ ካውቦዮች፦ የካንትሪ አጃቢ ባንዶች ስማቸውን ከየት አመጡ?

በዚህ እትም የጥያቄና መልስ ዓምዳችን ስለ አሜሪካ ካንትሪ ሙዚቃ አጃቢ ባንዶች የደረሱንን ጥያቄዎች አንድ ላይ ሰብስበናል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የባንዶቹን ስም እንደ አጠራሩ ጽፈን ትርጉሙን በአማርኛ አስከትለናል።

ጥያቄ፦ ቤታችን ካለ የጂም ሪቭስ ሸክላ ሽፋን ላይ ከዘፋኙ ስም ቀጥሎ «ብሉ ቦይስ» ይላል። «ሰማያዊ ልጆች» ማለት ነው? ሸክላው ላይ የምንሰማውስ የእነሱን ጨዋታ ነው? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ «ብሉ» እዚህ ቀለም አይደለም። በእንግሊዝኛ ዘፈን ውስጥ «ብሉ» የተባለ ሰው የከፋው፣ ሆድ የባሰው ነው። ስለዚህ ስሙ «ሆድ የባሳቸው ልጆች» ለሚለው ይቀርባል። መነሻው ሪቭስ በ1958 ያወጣው «ብሉ ቦይ» የተሰኘ ዘፈን ነው። ዘፈኑ ሲወደድ አጃቢዎቹ ስሙን ወረሱ።

በካንትሪ ዓለም ከዘፈን ስም መውሰድ በጣም የተለመደ ነው። መርል ሃጋርድ በ1965 ስሙ የገነነው ሊዝ አንደርሰን በደረሰችው፣ «ስትሬንጀርስ» የሚል ቃል በርዕሱ ባለበት ዘፈን ነበር። አጃቢዎቹም «ስትሬንጀርስ» ማለትም «ባዕዳን» ተባሉ፤ ሃጋርድ እስኪሞት ድረስም በዚሁ ስም ቆዩ። ዌብ ፒርስ በ1952 «ዋንደሪንግ» የተባለው ዘፈኑ አንደኛ ሲወጣለት ባንዱ «ዋንደሪንግ ቦይስ» ሆነ። ይህ «የሚብሰለሰሉ ልጆች» ማለት ነው። በእንግሊዝኛው አንድ ፊደል ቢለወጥ «የሚንከራተቱ» ይሆን ስለነበር በትርጉም ጊዜ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሎሬታ ሊን በ1970 የከሰል ቆፋሪ ልጅነቷን ከዘፈነች በኋላ አጃቢዎቿ «ኮል ማይነርስ»፣ «ከሰል ቆፋሪዎቹ»፣ ተባሉ። ከሰል የቆፈረው ግን አባቷ እንጂ ጊታር ተጫዋቾቿ አልነበሩም። ሀንክ ዊሊያምስ ጁኒየር ደግሞ ከራሱ ሳይሆን ከአባቱ ዘፈን ወስዶ የመጀመሪያ ባንዱን «ቺቲን ሃርትስ»፣ «ከዳተኛ ልቦች»፣ አለው።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ፖስተር ላይ ያለው ቦታ ጠባብ ነው። ከዘፈን የተወሰደ የባንድ ስም በአንድ መስመር ላይ ዘፋኙንም ያንን የተወደደ ዘፈንም ያስታውሳል። ጉዳቱ ደግሞ ዘፈኑ ሲያረጅ ስሙ አብሮ ማርጀቱ ነው። ኮንዌይ ትዊቲ በሮክ ዘመኑ በ1960 «ሎንሊ ብሉ ቦይ» በተባለ ዘፈን ስለታወቀ ባንዱን «ሎንሊ ብሉ ቦይስ» ብሎ ነበር። ወደ ካንትሪ ከተሻገረ በኋላ ስሙ የትናንት ልብስ ሆነበትና ለወጠው። በምን እንደተካው ከታች ይመጣል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስንመጣ፣ መልሱ ብዙ ጊዜ «አይደለም» ነው። ሪቭስ በ1959 በናሽቪል «ሂል ሃቭ ቱ ጎ»ን ሲቀዳ ፒያኖ የመታው ፍሎይድ ክሬመር፣ ቤዝ የያዘው ቦብ ሙር ነበር። ሁለቱም በሰዓት የሚከፈላቸው የስቱዲዮ ሰዎች ናቸው። ብሉ ቦይስ የጉዞ ባንድ ነበሩ፤ ከዘፋኙ ጋር ከተማ ለከተማ ዞረው በመድረክ የሚያጅቡ። ሪቭስ በሐምሌ 1964 በአውሮፕላን አደጋ ሲሞት አብሮት የሞተው ዲን ማኑኤል የዚሁ ባንድ ፒያኒስት ነበር።

ጥያቄ፦ «ካውቦይ» ከብት ጠባቂ መሆኑን አውቃለሁ። የሀንክ ዊሊያምስ ባንድ ግን ከአላባማ ነው፤ ጥጥና ጥድ ካለበት አገር። ካውቦይነቱ ከየት መጣ? (አንባቢ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ከሲኒማ ቤት። ዊሊያምስ በ1930ዎቹ መጨረሻ ገና በልጅነቱ ሞንትጎመሪ ውስጥ ባንዱን ሲያቋቁም የካውቦይ ፊልም አፍቃሪ ነበር። «ድሪፍቲንግ ካውቦይስ»፣ «ተንከራታቾቹ ካውቦዮች»፣ ያላቸውም ለዚህ ነው። በዚያ ዘመን ፈረስ ላይ ሆኖ የሚዘፍን ጀግና በየፊልሙ ነበር፤ ሰፊ ባርኔጣና ቡትስ ያደረገ ሙዚቀኛም ከየትም ይምጣ ከየት ከዚያ ጀግና ጋር ይዛመዳል። ፒ ዊ ኪንግ የዊስኮንሲን ሰው፣ ከፖላንድ የመጣ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ የቤተሰቡም ስም ኩቺንስኪ ነው። አኮርዲዮን እየተጫወተ የሚመራውን ባንድ ግን «ጎልደን ዌስት ካውቦይስ»፣ «የወርቃማው ምዕራብ ካውቦዮች»፣ አለው።

ከዚያ በፊት የነበረው ፋሽን የተገላቢጦሽ ነበር። የናሽቪሉ ደብሊው ኤስ ኤም ሬዲዮ በ1925 የቅዳሜ ማታ ዝግጅቱን ሲጀምር (ኋላ ግራንድ ኦል ኦፕሪ የተባለው ነው) አዘጋጁ ጆርጅ ሄይ ባንዶቹ ገጠሬ እንዲመስሉ ፈለገ። ዶክተር ሐምፍሪ ቤት እውነተኛ ሐኪም ነበሩ፤ ባንዳቸውም ሱፍ ለብሶ ፎቶ የሚነሳ ጨዋ ቡድን ነበር። ሄይ «ፖሰም ሃንተርስ» አላቸው፤ ፖሰም ሌሊት ዛፍ ለዛፍ የምትዞር ትንሽ አውሬ ናት፣ እነሱ አዳኞቿ መሆናቸው ነው። ሌላውን ባንድ «ገሊ ጃምፐርስ»፣ «ፈፋ ዘላዮች»፣ አለው። ሦስተኛውን «ፍሩት ጃር ድሪንከርስ» አለው፤ በፍራፍሬ ማስቀመጫ ጠርሙስ የሚጠጡ ማለት ነው። አልኮል በሕግ በተከለከለበት በዚያ ዘመን በዚያ ጠርሙስ የሚጠጣው ምን እንደሆነ ሰሚው ያውቃል፤ የቤት አረቄ ነው። ሱፉም ቀርቶ ቱታና የገለባ ባርኔጣ መጣ።

ሬዲዮው ስም ያወጣ ብቻ ሳይሆን ስም የነጠቀበትም ጊዜ አለ። ሮይ ኤካፍ በ1938 ወደ ኦፕሪ ሲመጣ ባንዱ «ክሬዚ ቴኔሲያንስ»፣ «እብዶቹ የቴኔሲ ልጆች»፣ ይባል ነበር። የጣቢያው ኃላፊ ሃሪ ስቶን ይህ የክፍለ ግዛቱን ሰው መሳደብ እንዳይመስል ብሎ ለውጡት አለ። ኤካፍ ያደገው ከግሬት ስሞኪ ተራሮች አጠገብ ስለነበር «ስሞኪ ማውንቴን ቦይስ» ሆኑ። በእኛ አስተያየት በካንትሪ ታሪክ ከተደረጉ የስም ለውጦች ይህን ያህል የተሳካ የለም። ቀልድ ቀርቶ አገር መጣ፤ ዘፋኙም በዚያ ስም ዕድሜውን ሙሉ ኖረበት።

ጥያቄ፦ አንድ ዝግጅት ላይ የካንትሪ ባንድ ስም ያወጣ የነበረው ዱቄት ፋብሪካ ነው ሲባል ሰማሁ። እኛ ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን። እውነት ዱቄት ነጋዴም ያወጣል? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ያወጣል። ከዱቄት በፊት እንዲያውም ኩራዝ ነበር።

ፊድል (የካንትሪ ሰዎች ቫዮሊንን የሚጠሩበት ስም ነው) ተጫዋቹ ቦብ ዊልስ በ1930 ገደማ ፎርት ዎርዝ፣ ቴክሳስ ውስጥ «ዊልስ ፊድል ባንድ» የሚባል ትንሽ ቡድን ነበረው። አላዲን የተባለ የመብራት ኩባንያ በሬዲዮ ስፖንሰር ሲያደርጋቸው «አላዲን ላዲስ»፣ «የአላዲን ጎረምሶች»፣ ተባሉ። በ1931 ደግሞ በረስ ሚል የተባለው ወፍጮ ቤት «ላይት ክረስት» የሚለውን ዱቄቱን እንዲያስተዋውቁ ቀጠራቸው፤ ስማቸውም «ላይት ክረስት ዶቦይስ» ሆነ። «ዶ» ሊጥ ነው፤ ዶቦይስ «የሊጥ ልጆች»። ስፖንሰር የሚለው ቃል እዚህ ላይ ያንሳል። ሙዚቀኞቹ ጠዋት ሬዲዮ ላይ ተጫውተው ቀኑን በወፍጮ ቤቱ ይሠሩ ነበር፤ ዊልስ መኪና ነጂ፣ ጊታሪስቱ ኸርማን አርንስፒገር ዱቄት ጫኚ።

የሽያጭ ኃላፊው ሊ ኦዳንኤል ባንዱ በዳንስ ቤት እንዳይጫወት ከለከለ። ገንዘቡ ያለው ደግሞ ዳንስ ቤት ነበር። ዘፋኙ ሚልተን ብራውን በ1932 ጥሎ ወጥቶ ከራሱ ስም «ሙዚካል ብራውኒስ»ን አወጣ። ዊልስም በ1933 ተባረረ። ወደ ዋኮ ሄዶ «ፕሌይቦይስ» የሚል ባንድ ሲያቋቁም በማስታወቂያው ላይ «ቀድሞ ላይት ክረስት ዶቦይስ የነበሩት» ብሎ ጨመረበት። ኦዳንኤል ስማችንን ተጠቀሙ ብሎ ከሰሰ፤ ተረታም። ስሙ የወፍጮ ቤቱ ነው፤ ይሁንና ትናንት እዚያ ሠርቻለሁ ብሎ እውነቱን መናገር ሌላ ጉዳይ ነው። ይህን ልዩነት በኋላ እንመለስበታለን።

ዊልስ በ1934 ወደ ኦክላሆማ ተሻግሮ ቱልሳ በሚገኘው ኬ ቪ ኦ ኦ ሬዲዮ ላይ ተደላደለ፤ «ቴክሳስ ፕሌይቦይስ»ም የተባሉት ያኔ ነው። አንድ ሰው የአገሩን ስም የሚለጥፈው ከአገሩ ሲወጣ ነው፤ ቴክሳስ ውስጥ «የቴክሳስ» ማለት ምንም አይለይም። በነገራችን ላይ ስሙ ከመጽሔቱ ጋር አይገናኝም። መጽሔቱ የመጣው በ1953 ነው፤ በ1930ዎቹ «ፕሌይቦይ» ዘናጭ፣ ጨዋታ ወዳድ ወጣት ማለት ነበር። በቱልሳ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ አሁን ዱቄቱ በባንዱ ስም ተጠርቶ «ፕሌይቦይ ዱቄት» ተብሎ ይሸጥ ጀመር።

ኦዳንኤልስ? የራሱን «ሂልቢሊ» ዱቄት አምርቶ፣ «ሂልቢሊ ቦይስ» የተባለ ባንድ ይዞ ምርጫ ቀሰቀሰ። በ1939 የቴክሳስ ገዢ ሆነ፤ በ1941 በሴኔት ምርጫ ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነውን ሊንደን ጆንሰንን አሸነፈ።

ዱቄት ብቻ አልነበረም። የጄ ኢ ሜይነር ባንድ «ክሬዚ ማውንቴኒርስ» ተብሎ ሲጠራ «እብድነቱ» የጠባይ አይደለም፤ «ክሬዚ ወተር ክሪስታልስ» ከተባለ፣ ከማዕድን ውኃ ተተንኖ ከሚሠራ የሆድ ማለስለሻ ጨው የመጣ ነው። አንድን የቆየ ስም ከመተርጎምዎ በፊት የሬዲዮውን ስፖንሰር ይመልከቱ የምንለው ለዚህ ነው። የኤካፍ «ክሬዚ» ቀልድ ነው፣ የሜይነር «ክሬዚ» መድኃኒት ነው። ከውጭ ሲታዩ አይለዩም።

ጥያቄ፦ ልጄ «ትዊቲ በርድስ» የሚለውን ሰምቶ ሳቀ። እኔ አልገባኝም። ምኑ ነው የሚያስቀው? (እናት፣ ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ልጅዎ ካርቱን ያያል ማለት ነው። «ትዊቲ» ድመት የሚያሳድዳት ቢጫ የካርቱን ወፍ ናት፤ «በርድስ» ወፎች። የዘፋኙ የመድረክ ስም ኮንዌይ ትዊቲ ስለሆነ ባንዱ «የትዊቲ ወፎች» ሆነ። ትዊቲ ራሱም የቤተሰብ ስሙ አይደለም፤ የተወለደው ሃሮልድ ሎይድ ጄንኪንስ ተብሎ ነው። እንደሚነገረው ካርታ ላይ ካያቸው ሁለት ከተሞች፣ ከአርካንሳሱ ኮንዌይና ከቴክሳሱ ትዊቲ፣ ነው የመድረክ ስሙን ያገጣጠመው።

ይህ ዓይነቱ ስም ቅኔ ነው ቢባል አይጋነንም፤ ሰሙ የአለቃው ስም፣ ወርቁ ሌላ። ካርል ስሚዝ ባንዱን «ቱንስሚዝስ» አለው፤ «ስሚዝ» አንጥረኛ ስለሆነ «ዜማ አንጥረኞች» ይሆናል። ፖርተር ዋጎነር «ዋጎንማስተርስ» አለ፤ «ዋጎን» በፈረስ የሚጎተት ሠረገላ ነው፣ ዋጎንማስተር የሠረገላ ጉዞ መሪ። ዌይሎን ጄኒንግስ «ዌይሎርስ» ሲል የራሱን ስም «ዌይል» ከሚለው፣ ማንጎራጎርና ማልቀስን ከሚያመለክተው ቃል ጋር አጋብቶታል። ቻርሊ ፕራይድ «ፕራይድስሜን»፤ «ፕራይድ» ኩራት ነው። ጆርጅ ጆንስ ግን አልደከመም፤ «ጆንስ ቦይስ» ብሎ አለፈው። ፋሮን ያንግ በ1956 በአንድ የካውቦይ ፊልም ላይ ከተጫወተ በኋላ «ዘፋኙ ሸሪፍ» ስለተባለ ባንዱ «ዴፑቲስ»፣ «የሸሪፉ ምክትሎች»፣ ሆነ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን «ባከሩስ» ነው። የባክ ኦወንስ ባንድ ነው፤ ያወጣለትም ለጥቂት ጊዜ ቤዝ ይጫወትለት የነበረው መርል ሃጋርድ ነው። «ባከሩ» ካውቦይ ማለት ሲሆን ቃሉ የመጣው ከስፓኒሹ «ቫኬሮ» ነው፤ «ቫካ» ላም ናትና። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ቃሉን ሲያጣምሙት የመጀመሪያው ክፍል «ባክ» ሆኖ ቀረ፤ የዘፋኙም ስም ባክ። «ባክ»ም ቢሆን የተወለደበት ስም አይደለም። አልቪስ የተባለው ሕፃን የቤተሰቡ እርሻ ላይ ከነበረ የጋማ ከብት ስሙን ወስዶ ከዛሬ ጀምሮ ባክ ነኝ ብሎ አወጀ። ሳይበላሽ በሦስት አቅጣጫ የሚሠራ ስም ብርቅ ነው። በ1965 «ባከሩ» የተባለ፣ ዘፈን የሌለበት በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ሙዚቃቸው አንደኛ ሲወጣ ስሙ ያለ ዘፋኙም መቆም እንደሚችል ታየ።

ጥያቄ፦ ብሉግራስ የሙዚቃው ስም ነው ወይስ የባንዱ? የቱ ቀደመ? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ባንዱ። ቢል ሞንሮ የኬንተኪ ልጅ ነው፤ ኬንተኪ ደግሞ በሣሩ «የብሉግራስ ግዛት»፣ «የሰማያዊ ሣር ግዛት»፣ ይባላል። በ1938 ከወንድሙ ከቻርሊ ጋር ከተለያዩ በኋላ ባንዱን «ብሉ ግራስ ቦይስ» ብሎ በ1939 ኦፕሪ ገባ። ኧርል ስክረግስ በባንጆ፣ ሌስተር ፍላት በጊታር ከ1945 እስከ 1948 አብረውት ሲጫወቱ የዛሬው ድምፅ ተቀረጸ፤ ሰዉም ያንን አጨዋወት በባንዱ ስም ጠራው። አጃቢ ባንድ ለአንድ የሙዚቃ ዓይነት ስም ሲሰጥ ሌላ ምሳሌ አናውቅም።

ፍላትና ስክረግስ በ1948 ወጥተው «ፎጊ ማውንቴን ቦይስ»ን አቋቋሙ። ይህ እንደ ስሞኪ ማውንቴን የእውነት ተራራ እንዳይመስልዎ፤ መለያቸው ካደረጉት የካርተር ቤተሰብ ዘፈን የተወሰደ ነው። በ1969 ሲለያዩ አንዳቸውም በዚያ ስም አልቀጠሉም። ፍላት «ናሽቪል ግራስ» አለ፤ ስክረግስ ከልጆቹ ጋር ሌላ ቡድን መሠረተ። የሀንክ ቶምሰን «ብራዞስ ቫሊ ቦይስ» ግን የእውነት ቦታ ነው፤ ብራዞስ የተወለደባት ዋኮ ያለችበት ወንዝ ነው። የጋርዝ ብሩክስ «ስቲልዋተር»ም በኦክላሆማ ያለች ከተማ ናት።

ጥያቄ፦ ጆኒ ካሽን ያጀበው «ቴኔሲ ቱ» ነው ወይስ «ቴኔሲ ስሪ»? (አንባቢ፣ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ሁለቱም፤ ዓመቱን ይዩ። ከ1955 ጀምሮ ሉተር ፐርኪንስ በጊታር፣ ማርሻል ግራንት በቤዝ ሁለት ነበሩ። በ1960 ከበሮ መቺው ደብሊው ኤስ ሆላንድ ሲጨመር ሦስት ሆኑ። በሁለቱ ጊዜ ከበሮ አልነበረም፤ ያንን የባቡር ጉዞ የሚመስል ምት ለማውጣት ካሽ በጊታሩ ክር ሥር ወረቀት ይሰካ ነበር።

በቁጥር የሚሰየም ባንድ ሰው በተጨመረ ቁጥር ፖስተር ያስለውጣል።

ጥያቄ፦ ስታትለር ብራዘርስ ስንት ወንድማማች ነበሩ? (አንባቢ፣ ከመቀሌ)

መልስ፦ አራት ድምፃውያን፣ ሁለት ወንድማማች፤ ስታትለር የሚባል ግን አንድም የለም። ወንድማማቾቹ ሃሮልድና ዶን ሪድ ናቸው። ቀድሞ «ኪንግስሜን» ይባሉ ነበር። በዚያ ስም ሌላ ባንድ ሲታወቅ አዲስ ስም ሲፈልጉ ሆቴል ክፍል ውስጥ የነበረ የሶፍት ሳጥን ላይ «ስታትለር» የሚል አነበቡ። ከ1964 ጀምሮ ለስምንት ዓመት ያህል ካሽን አጅበዋል። ጆርዳኔርስ የተባሉት አጃቢ ድምፃውያንም መንፈሳዊ ስለሚዘፍኑ ስማቸው ከመጽሐፍ ቅዱሱ ዮርዳኖስ የመጣ ይመስላል፤ የመጣው ግን ሚዙሪ ውስጥ ካለ ጆርዳን ክሪክ ከሚባል ጅረት ነው።

ጥያቄ፦ የቆዩ ሸክላዎች እሰበስባለሁ። ሽፋኑ ላይ የባንድ ስም ቢኖርም የተጫወቱት ሌሎች ሊሆኑ እንደሚችሉ ሰማሁ። እንዴት ላረጋግጥ? (ሰብሳቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደሚሆን ይወቁ። የናሽቪል የስቱዲዮ ክፍለ ጊዜ ሦስት ሰዓት ነው፤ በዚያ ውስጥ ብዙውን ጊዜ አራት ዘፈን ይጠበቃል። ይህን የሚወጡት በየቀኑ የሚቀዱ፣ አዲስ ዘፈን አንዴ ሰምተው ኮርዱን በቁጥር ጽፈው ወዲያው የሚጫወቱ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። በቁጥር የመጻፉን ዘዴ የጀመረው የጆርዳኔርሱ ኒል ማቲውስ ነው። የጉዞ ባንዱ ጎበዝ ቢሆንም ስቱዲዮ ውስጥ ሰዓት ይበላል፤ ሰዓት ደግሞ ገንዘብ ነው። ስሙ ግን ለሽያጭ ስለሚጠቅም ሌብሉ ላይ፣ ማለትም ሸክላው መካከል በተለጠፈው ክብ ወረቀት ላይ፣ ይታተማል።

ጥሩ ምሳሌ ሀንክ ዊሊያምስ ነው። በታኅሣሥ 1946 ለስተርሊንግ ኩባንያ ሲቀዳ ያጀቡት ኦክላሆማ ራንግለርስ ነበሩ፤ ሌብሉ ግን «ካንትሪ ቦይስ» ይላል። በታኅሣሥ 1948 ሲንሲናቲ ውስጥ «ላቭሲክ ብሉዝ»ን ሲቀዳ ደግሞ ቀድሞ ከሬድ ፎሊ ጋር የነበሩት ጄሪ በርድና ዚክ ተርነር ተጫወቱ፤ ሌብሉ «ድሪፍቲንግ ካውቦይስ» ብሎ ወጣ። ስለዚህ አንዱ ሌብል የሌለ ባንድ ፈጠረ፣ ሌላው ያለውን ባንድ ባልነበረበት ቦታ አስቀመጠ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሌብሉ መካከል ያለውን የካታሎግ ቁጥርና በሌብሉ ዙሪያ ባለው፣ ዘፈን በሌለበት ጥቁር ቦታ ላይ የተቀረጸውን ማትሪክስ ቁጥር ለይተው ይጻፉ። የመጀመሪያው የሽያጭ ቁጥር ነው፤ ወደ ቅጂው ቀን የሚወስድዎት ሁለተኛው ነው። ከሽፋኑ ላይ ያለውን ዓመት አይመኑ፤ እሱ የታተመበት እንጂ የተቀዳበት አይደለም። ለቆዩት የ78 ዙር ሸክላዎች በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ የሚገኘው የአሜሪካ ታሪካዊ ቅጂዎች መዝገብ በማትሪክስ ቁጥር በነፃ ይፈለጋል። ለኋለኞቹ ደግሞ የጀርመኑ ቤር ፋሚሊ ኩባንያ የሚያሳትማቸው ሳጥኖች ከቅጂ ቀን እስከ ተጫዋች ስም ዝርዝር አላቸው፤ ዝርዝሩ በአብዛኛው የሚመጣው ሙዚቀኞች ማኅበር ለክፍያ ካስሞላው ቅጽ ነው። ያንን ቅጽ ያገኘ ሰው ጠንካራ ምስክር አገኘ ማለት ነው።

ቅጽ ከሌለ ቦታውን ይዩ። ናሽቪል ከተቀዳ የጉዞ ባንዱ መኖሩን ይጠራጠሩ። ባክ ኦወንስና መርል ሃጋርድ ግን ሆሊዉድ በሚገኘው ካፒቶል የራሳቸውን ሰዎች ያስገቡ ስለነበር በእነሱ ሸክላ ላይ ያለው ስም በአብዛኛው የታመነ ነው። በመጨረሻም ጆሮዎን ይጠቀሙ። ኧርነስት ተብና ቦብ ዊልስ በዘፈኑ መካከል ተጫዋቹን በስሙ እየጠሩ «በል ቀጥል» ይሉ ነበር፤ ተብ «ቢሊ በርድ» ሲል፣ ዊልስ «ሊየን» ሲል ይሰማል። ከዚህ የተሻለ ፊርማ የለም።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ውስጥ ከአገር ቤት ለሚመጡ ዘፋኞች የምናጅብ አምስት ልጆች ነን። ስም ልናወጣ ነው። ከካንትሪዎቹ ምን እንማር? ስሙስ የማን ይሆናል? (ኪቦርዲስት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እስካሁን ከጠቀስናቸው ባንዶች አብዛኞቹ ስም አልነበራቸውም፤ ስሙ የአለቃው ነበር። ዶቦይስ የወፍጮ ቤቱ፣ ትዊቲ በርድስ የትዊቲ። ደመወዝተኛ ሲወጣ ስሙን ይዞ አይወጣም። እናንተ ግን ዘፋኝ እየተቀያየረ የምትቀሩት እናንተ ስለሆናችሁ ስሙን ከማንም ዘፋኝ ጋር አታስሩት። ለዚህ የሚቀርበው የጆርጅ ስትሬይት «ኤስ ኢን ዘ ሆል» ነው። በ1975 ሳን ማርኮስ፣ ቴክሳስ ውስጥ ያኔ ገና «ስቶኒ ሪጅ» ይባሉ የነበሩት የዚህ ባንድ የኮሌጅ ልጆች ዘፋኝ እንፈልጋለን ብለው ማስታወቂያ ለጠፉ፤ ስትሬይት ተቀጠረ። ባንድ ዘፋኝ ቀጠረ እንጂ ዘፋኝ ባንድ አልቀጠረም።

ስም ስታወጡ መጀመሪያ በአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ። ትክክለኛውን ፊደል ብቻ ሳይሆን ተመሳሳይ ድምፅ ያለውንም ፈልጉ፤ የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል በሦስት በአራት ዓይነት ስለሚጻፍ ሁሉንም ሞክሩ። ከዚያ ዩቲዩብና የዘፈን መሸጫዎችን እዩ፤ ያልተመዘገበ ስም እንኳ ቀድሞ የተጠቀመበት ሰው በአካባቢው መብት አለው።

ምዝገባው በምድብ ነው። የመድረክ ትርዒት ምድብ 41፣ የተቀዳ ሙዚቃ ምድብ 9፣ ቲሸርት ምድብ 25 ነው። ከጥር 2025 ጀምሮ መነሻ ክፍያው ለእያንዳንዱ ምድብ 350 ዶላር ነው፤ የማይመለስ ነው። ገንዘብ ካነሰ በ41 ጀምሩ፤ አጃቢ የሚኖረው በመድረክ ነውና። ማስረጃ ሲጠየቅ ስሙና ትርዒቱ አብረው የሚታዩበት ፖስተር ወይም ድረ ገጽ ይቀርባል፤ ስሙ ብቻ ያለበት አርማ አይበቃም። ከተመዘገበ በኋላ በአምስተኛውና በስድስተኛው ዓመት መካከል አሁንም እየተጠቀምንበት ነው የሚል ማረጋገጫ ይገባል፤ ከረሳችሁት ምዝገባው ይሰረዛል። ከዚህ ሌላ ከተመዘገበበት ቀን እየተቆጠረ በየአሥር ዓመቱ ይታደሳል።

ስሙ የመውደቅ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው፦ የቦታ ስምና «ባንድ» ብቻ ከሆነ መለያ አይደለም ተብሎ ሊመለስ ይችላል፤ በሕይወት ያለ ሰው ስም ከገባበት የሰውየው የጽሑፍ ፈቃድ የግድ ነው፤ የአማርኛ ቃል ከሆነ ትርጉሙን በእንግሊዝኛ ጻፉ ትባላላችሁ፤ ትርጉሙም ከሌላ የተመዘገበ ስም ጋር ከተመሳሰለ ችግር ነው።

ከምዝገባው በፊት ግን አንድ ገጽ ውል ይኑራችሁ። ስሙ የአምስቱ ነው ወይስ ያቋቋሙት የሁለቱ? የሚወጣ ሰው ድርሻው ስንት ነው? ስንት ሰው ሲቀር ስሙ ይሞታል? ማኅበራዊ ገጹን የከፈተው፣ የይለፍ ቃሉን የያዘው ማን ነው? የወጣ አባል በማስታወቂያው «የቀድሞ የእገሌ ባንድ አባል» ማለት እንደሚችልም አስቀምጡ፤ የዊልስ ክስ ካስተማረው ይህ ዋናው ነው። «የቀድሞ» የሚለው ቃል ግን ከባንዱ ስም ባነሰ ፊደል እንዳይጻፍ ጨምሩበት፤ ፖስተር ላይ ጠብ የሚነሳው በዚያች ቃል መጠን ነው።